ጉድጓዱን የበከለው ማን ነው? በአንጀት ባክቴሪያ የውሃ ብክለትን ምንጭ የመፈለጊያ ዝርዝር መመሪያ፣ ለድሬዳዋና ለሐረር

ውሃው ተመረመረ፤ «ኢ. ኮላይ አለበት» ተባለ። ከዚያስ? ብዙ ሥራ የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው። ስብሰባ ይጠራል። አንዱ ግመል አርቢዎቹን ይከሳል፣ ሌላው የጎረቤቱን ሽንት ቤት፣ ሦስተኛው የቧንቧ መሥመሩን። ኢ. ኮላይ ግን ማንንም አይጠቁምም። በሰውም፣ በፍየልም፣ በዶሮም አንጀት ውስጥ ይኖራል። መገኘቱ «ዐይነ ምድር ገብቷል» ይላል እንጂ የማን እንደሆነ አይናገርም።

የማን እንደሆነ የሚለዩት ሌሎች የአንጀት ባክቴሪያዎች ናቸው። ዋነኞቹ ባክቴሮይድስ የሚባሉትና ዘመዶቻቸው ናቸው። ኦክስጅን ባለበት ስለማይራቡ ከአንጀት ከወጡ በኋላ ውሃ ውስጥ አይበዙም። በሰው አንጀት የሚኖሩት በላም አንጀት ከሚኖሩት በዘረ መል ይለያሉ። ያንን ልዩነት በፒሲአር፣ ማለትም የተፈለገን የዲኤንኤ ቁራጭ አባዝቶ በሚያሳይ ዘዴ፣ እንይዘዋለን።

መመሪያው ለላብራቶሪ ባለሙያ፣ ለተመራቂ ተማሪ፣ ለውሃና ለጤና ጽሕፈት ቤት ባለሙያ ነው። ስለ ማሽኑ ብዙ አላወራም። ሥራው ከማሽኑ በፊት ነው አብዛኛውን ጊዜ የሚሞተው።

ከሁሉ በፊት፦ ኢ. ኮላይ ከተገኘ ሰዉ ውሃውን አፍልቶ ወይም በክሎሪን አክሞ እንዲጠጣ በዚያው ዕለት ንገሩ። ምንጩ እስኪታወቅ አትጠብቁ። ተቅማጥ የላብራቶሪ ውጤት አይጠብቅም።

## ደረጃ 1፦ ጥያቄውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ

«የድሬዳዋን የውሃ ብክለት ምንጭ ማጥናት» ጥያቄ አይደለም፤ የፕሮፖዛል ርዕስ ነው። እንዲህ ጻፉት፦ «ደቻቱ ወንዝ ዳር ያለው ይህ ጉድጓድ ውስጥ የሚገባው ዐይነ ምድር የሰው ነው ወይስ የከብት?» ሁለት ወይም ሦስት ተጠርጣሪ ይበቃል።

ከጥያቄው አጠገብ መልሱ የሚያስከትለውን እርምጃ ጻፉ። የሰው ከሆነ የትኛው ሽንት ቤት ይመጠጣል ወይም ይዘጋል? የከብት ከሆነ ገንዳው ወዴት ይዛወራል? መልሱ ምንም የማይለውጥ ከሆነ ፒሲአር ላይ ገንዘብ አታባክኑ። ጉድጓዱን አጥሩ፣ ክዳኑን ጠግኑ፣ በክሎሪን አክሙ፤ አለቀ።

## ደረጃ 2፦ ጠርሙስ ሳትይዙ በእግር ዙሩ

1. በጉድጓዱ ወይም በቦኖው ዙሪያ ቢያንስ 100 ሜትር ተራመዱ። ሽንት ቤት፣ ሴፕቲክ ታንክ፣ በረት፣ የዶሮ ቤት፣ የቆሻሻ መጣያና የፍሳሽ ቦይ በስልካችሁ ካርታ ላይ ምልክት አድርጉ።
2. መሬቱ ወዴት እንደሚያዘቀዝቅ እዩ። ዝናብ ሲዘንብ ውሃው ከየት ወደ የት እንደሚሄድ ጠይቁ። ውሃ የሚቀዱት ሴቶችና የቦኖው ጠባቂ ከማንም በላይ ያውቃሉ። መቼ እንደሚደፈርስ፣ መቼ እንደሚሸት እነሱን ጠይቁ።
3. የጉድጓዱን አፍ እዩ። ሲሚንቶው ተሰንጥቋል? ገመዱና ባልዲው መሬት ላይ ይጣላል? ከብት የሚጠጣው እዚያው ነው?
4. ውሃው የሚያልፍበትን መንገድ ሁሉ መዝግቡ፦ ጉድጓድ፣ ፓምፕ፣ ማጠራቀሚያ፣ ቧንቧ፣ ሮቶ፣ ጀሪካን።

«ሽንት ቤቱ 30 ሜትር ይርቃል፤ ስለዚህ እሱ አይደለም» አትበሉ። 30 ሜትር የተለመደ መነሻ ርቀት ነው። ድሬዳዋ ሥር ግን ደለል፣ የአሸዋ ድንጋይና የኖራ ድንጋይ አለ። የኖራ ድንጋይ ስንጥቅ ፍሳሽን ሳያጣራ ሩቅ ይወስዳል።

አራተኛዋ ነጥብ ሐረር ላይ ይበልጥ ትከብዳለች። የሐረር ውሃ ጥሩ ድርሻ ከድሬዳዋ በኩል ካሉ ጉድጓዶች በረጅም መሥመር የሚሳብ ነው። የጀጎል ቤት ውስጥ የተበከለ ውሃ ብታገኙ ብክለቱ ጉድጓዱ ላይ፣ መሥመሩ ላይ፣ ማጠራቀሚያው ላይ ወይም ቤቱ ያለው በርሜል ውስጥ ሊሆን ይችላል። መሥመሩን ሳትከፋፍሉ ናሙና ብትወስዱ ምንም አታውቁም።

## ደረጃ 3፦ መጀመሪያ የአካባቢውን ዐይነ ምድር ሰብስቡ

አብዛኛው ሰው የሚዘለው ይህን ደረጃ ነው። ለምን እንደሚዘለል ይገባኛል፤ ማንም እበት ይዞ ላብራቶሪ መግባት አይፈልግም። ግን ካልሠራችሁት ቀሪው ሁሉ ግምት ነው።

ምክንያቱ ይህ ነው። መለያ የምንለው የማን አንጀት ባክቴሪያ እንደሆነ የሚያሳየውን የዲኤንኤ ቁራጭ ነው። ኤችኤፍ183 የሚባለው የሰው መለያ በዓለም ላይ በብዛት ከሚሠራባቸው አንዱ ነው። ሆኖም አንዳንድ ቦታ በውሻና በዶሮ ኩስም ላይ ታይቷል። ሌላ አገር በሠሩ ሰዎች ከብት ላይ የተፈተነ መለያ የድሬን ግመል ይይዛል ብሎ ማመንም አይቻልም። ግመል ያመሰኳል እንጂ ሆዱ እንደ ላም ሆድ አራት ክፍል የለውም፤ ሦስት ነው። የ«አመስኳኪ» መለያው ግመልን ይያዘው አይያዘው የምታውቁት ስትፈትኑት ብቻ ነው።

የምትሰበስቡት፦ ከሰው፣ ከላም፣ ከፍየልና ከበግ፣ ከግመል፣ ከአህያ፣ ከዶሮ፣ ከውሻ። ሐረር ላይ ከሆናችሁ ጅብን ጨምሩ፤ ሌሊት ከተማ ውስጥ የሚዞር እንስሳ ከዝርዝር አይወጣም። ከእያንዳንዱ ቢያንስ 10 የተለያዩ ግለሰቦች ያስፈልጋሉ። አሥሩንም ከአንድ በረት አትውሰዱ፤ አብረው የሚኖሩ እንስሳት አንጀታቸውም ይመሳሰላል። መልካ ጀብዱ የወሰዳችሁትን ከገበያ በር በወሰዳችሁት ደግፉት።

አወሳሰድ፦

1. ትኩስ ይሁን። እንስሳው ሲጥል ብታዩት ይመረጣል። ፀሐይ ያደረቀውን በጠጥ ተዉት።
2. ጓንት አድርጉ። በንጹሕ የእንጨት ማንኪያ ከመሃሉ ውሰዱ፤ አፈር የነካውን ጎን አትንኩ። የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ትበቃለች።
3. ለእያንዳንዱ ናሙና አዲስ ማንኪያና አዲስ ጓንት።
4. ዕቃው ላይ ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታና እንስሳ ጻፉ። ክዳኑ ላይ አይደለም፤ ክዳን ይቀያየራል።
5. በረዶ ላይ አድርጉ፤ በዚያው ዕለት ፍሪዘር ይግባ።

ከሰው ናሙና መውሰድ የሥነ ምግባር ፈቃድ ይጠይቃል። ፈቃዱ ወራት ሊወስድ ስለሚችል ቀድማችሁ አመልክቱ። የግለሰብ ናሙና ካልተገኘ የሽንት ቤት መምጠጫ ቦቴ ሲያራግፍ ከተለያዩ ጭነቶች ውሰዱ። ከአንድ ቦቴ አሥር ጊዜ መቅዳት ግን አንድ ናሙና ነው።

አፈታተን፦ ከእያንዳንዱ ዲኤንኤ አውጡና ሁሉንም ወደ እኩል መጠን አቅጥኑ፤ 1 ናኖግራም በማይክሮሊትር ጥሩ ነው። ካላቀጠናችሁት ወፍራሙ ናሙና በሐሰት ይጮኻል። ከዚያ ሁለት ነገር ቁጠሩ። የሰው መለያው ከሰው ናሙናዎች ስንቱን አወቀ? ከእንስሶቹስ ስንቱን በስህተት «ሰው» አለ? በብዙ ሥራ ሁለቱም በኩል 80 በመቶ ትክክል መሆን እንደ ዝቅተኛ መነሻ ይወሰዳል።

መለያው ከወደቀ፦ አትጣሉት። ከውሻ ጋር ብቻ ከተምታታ ሁለተኛ የሰው መለያ ጨምሩ። ክራስፌጅ የሚባለው የአንጀት ባክቴሪያ ቫይረስ አንዱ አማራጭ ነው። ከዚያ «የሰው» የምትሉት ሁለቱም አዎንታዊ ሲሆኑ ብቻ ይሁን።

## ደረጃ 4፦ ዕቃ አዘጋጁ

* 100 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ለኢ. ኮላይ፣ 1 ሊትር ጠርሙስ ለዲኤንኤ። ሁለቱም በአውቶክሌቭ በ121 ዲግሪ ለ15 ደቂቃ።
* አውቶክሌቭ ባክቴሪያን ይገድላል እንጂ ዲኤንኤን ጠራርጎ አያጠፋም። ደጋግማችሁ የምትጠቀሙበትን የዲኤንኤ ዕቃ መጀመሪያ በረኪና ውስጥ ዘፍዝፉ፤ 1 እጅ በረኪና ለ9 እጅ ውሃ፣ 15 ደቂቃ። ከዚያ በንጹሕ ውሃ ደጋግማችሁ አለቅልቁ፤ የቀረ በረኪና ናሙናውንም ይገድለዋል።
* ክሎሪን ያለው የቧንቧ ውሃ የምትቀዱ ከሆነ ጠርሙሱ ውስጥ ቀድማችሁ 3 በመቶ ሶዲየም ታዮሰልፌት ጨምሩ፦ ለ100 ሚሊ ሊትር 0.1 ሚሊ ሊትር፣ ለ1 ሊትር 1 ሚሊ ሊትር። ካልጨመራችሁ ክሎሪኑ መንገድ ላይ ሥራውን ይቀጥልና ውሃው ከነበረው የጸዳ ይመስላል።
* የክትባት ማጓጓዣ ሳጥን ወይም ጥሩ አይስ ቦክስ፣ በቂ በረዶ፣ ቴርሞሜትር።
* ጓንት፣ አልኮል፣ ላይተር፣ በውሃ የማይለቅ ማርከር፣ ደብተር።
* ንጹሕ ውሃ የተሞላ አንድ ተጨማሪ ጠርሙስ። ይህ የሜዳ ባዶ ናሙናችሁ ነው። ሜዳ ላይ ትከፍቱታላችሁ፣ ትዘጉታላችሁ፣ እንደሌላው ትመረምሩታላችሁ። እሱ ላይ የሰው መለያ ከተገኘ የተበከለው ጉድጓዱ ሳይሆን እጃችሁ ነው።

## ደረጃ 5፦ ናሙና ቅዱ

### ሰዓቱ

በጠዋት ውጡ። ፀሐይ ባክቴሪያን ይገድላል፣ ዲኤንኤንም ይጎዳል፤ የድሬ ሙቀት ደግሞ በረዷችሁን ይጨርሳል። ኢ. ኮላይ ከተቀዳ በ6 ሰዓት ውስጥ ማጣሪያው ላይ መዋል አለበት። ጠዋት 1 ሰዓት የተቀዳ ውሃ ቀን 7 ሰዓት ሳይሞላ መጣራት አለበት ማለት ነው። ሌላም ምክንያት አለ። ከቀትር በኋላ በርጫ ይጀመራል፤ የፓምፕ ቤቱን ቁልፍ የያዘውን ሰው ፈልጋችሁ አታገኙትም።

### ደቻቱ ውስጥ ለምትገቡ

ማስጠንቀቂያ፦ ደቻቱ ደረቅ ነው ብላችሁ አትዘናጉ። ጎርፉ የሚመጣው ከላይ፣ ከደንገጎ በኩል ካለው ተራራ ነው። ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድ ወንዙ ሊሞላ ይችላል። በሐምሌ መጨረሻ 1998 ዓ.ም. ሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ገድሏል። ተራራው ላይ ደመና ከጠቆረ አሸዋው ውስጥ አትግቡ። ገብታችሁ ከሆነ ጠርሙሱን ትታችሁ ውጡ። አንድ ሰው ሁልጊዜ ዳር ላይ ይቁም።

### አቀዳዱ

ከቧንቧ፦ ጎማ ካለው አውልቁ። አፉን በአልኮል ጥረጉ፤ ብረት ከሆነ በላይተር አቃጥሉት። 2 እስከ 3 ደቂቃ ይፍሰስ። ከዚያ ቅዱ።

ከጉድጓድ በፓምፕ፦ በቧንቧው ውስጥ የቆየው ውሃ ወጥቶ እስኪያልቅ ፓምፑ ይሥራ።

ከጉድጓድ በባልዲ፦ የሰዎቹን ባልዲ አትጠቀሙ። የራሳችሁ የጸዳ መቅጃ በክብደት ታስሮ ይውረድ፤ ግድግዳውን አይንካ። ከዚያ ሆን ብላችሁ በሰዎቹ ባልዲ ሁለተኛ ናሙና ቅዱ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ይናገራል።

ከጀሪካንና ከሮቶ፦ አታጽዱ። የምትፈልጉት ሰው የሚጠጣውን ነው። ቤተሰቡ እንደሚቀዳው ይቅዳላችሁ።

ጀሪካኑን ከምንጩ ለይታችሁ ካልቀዳችሁ አንድ ትልቅ ወጥመድ ውስጥ ትገባላችሁ። የሰው መለያ ጀሪካን ውስጥ ሲገኝ ሽንት ቤት ወደ ጉድጓዱ ገባ ማለት አይደለም። ያልታጠበ እጅ በኩባያ ሲጠልቅም ያው መለያ ይገባል። ምንጩ ንጹሕ ሆኖ ጀሪካኑ ከተበከለ መፍትሔው ሳሙናና የሚዘጋ ክዳን ነው እንጂ የሽንት ቤት ቁፋሮ አይደለም።

ከእያንዳንዱ ነጥብ ሁለት ጊዜ ቅዱ። ከተጠረጠረው ቦታ በላይና በታች ቅዱ። አንድ ቀን ብቻ ሄዳችሁ አትፍረዱ፤ በደረቁ ወቅት፣ ከበልግ ወይም ከክረምት ዝናብ በኋላ፣ እንደገና ውሃው ሲረጋ ሂዱ። ባለፉት 3 ቀናት ዝናብ ነበር ወይ የሚለውን ሁልጊዜ መዝግቡ፤ ላይ ተራራው ላይ የዘነበውንም ጭምር።

ሳጥኑ ውስጥ ከ10 ዲግሪ በታች ይሁን፤ ጠርሙሱ ግን በረዶ እንዳይሆን። ባጃጅ ውስጥ ሳጥኑን እግራችሁ ሥር ጥላ ውስጥ አስቀምጡ፤ ኋላ መስታወት ሥር ያለው ቦታ ምድጃ ነው።

## ደረጃ 6፦ በዚያው ቀን አጣሩ

ለኢ. ኮላይ፦ 100 ሚሊ ሊትር በ0.45 ማይክሮሜትር ማጣሪያ አሳልፉ። ደፍርሶ ከሆነ 10 እና 1 ሚሊ ሊትርም አዘጋጁ። ማጣሪያውን በተቃጠለ ወረንጦ አንሥታችሁ የባክቴሪያ ማሳደጊያው ምግብ ላይ አኑሩ፤ ሥሩ አየር እንዳይቀር። ላውሪል ሰልፌት የሚባለውን ምግብ የምትጠቀሙ ከሆነ መጀመሪያ ለ1 እስከ 4 ሰዓት በክፍል ሙቀት ይረፍ፣ ከዚያ በ44 ዲግሪ ሌሊቱን ይደር። ቢጫ የባክቴሪያ ነጥቦችን (ኮሎኒዎችን) ቁጠሩ። በዚህ ዘዴ የምታገኙት ሙቀት የሚችሉ ኮሊፎርሞችን ሁሉ ነው፤ አብዛኞቹ ኢ. ኮላይ ቢሆኑም ሪፖርት ላይ ስማቸውን አስተካክላችሁ ጻፉ። ለመጠጥ ውሃ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ ዜሮ ነው።

ለዲኤንኤ፦ ከጠራ ውሃ እስከ 1 ሊትር፣ ከደፈረሰው 100 ሚሊ ሊትር ያህል አጣሩ። ያለፈውን መጠን በትክክል ጻፉ። ማጣሪያው ከተደፈነ ሁለተኛ ማጣሪያ አምጡና ቀጥሉ። ውሃው እስኪጠልል አስቀምጣችሁ ከላይ ያለውን ብቻ አታጣሩ፤ ባክቴሪያው የተጣበቀው ከሥር የቀረው ደለል ላይ ነው። ማጣሪያውን አጥፋችሁ በቱቦ ውስጥ በዜሮ በታች 80 ዲግሪ አስቀምጡ። የለም? በዜሮ በታች 20 ለአጭር ጊዜ፣ ወይም የዲኤንኤ ኪታችሁ በሚፈቅደው ማቆያ ፈሳሽ ውስጥ።

በየዕለቱ አንድ ባዶ ማጣሪያ በንጹሕ ውሃ አሳልፉ። ይህም እንደ ናሙና እስከ መጨረሻው ይሄዳል።

መብራት ሲጠፋ፦ ፍሪዘር ውስጥ ውሃ የሞላ ኩባያ አቀዝቅዙና በላዩ ሳንቲም አስቀምጡ። ቅዳሜና እሁድ መብራት ጠፍቶ ተመልሶ ከሆነ ሰኞ ስትመጡ ሳንቲሙ በረዶው ውስጥ ሰምጦ ታገኙታላችሁ። ሰምጦ ከሆነ ናሙናዎቹ ቀልጠው ነበር፤ መዝግቡት፣ ከቻላችሁ እንደገና ቅዱ።

## ደረጃ 7፦ ዲኤንኤ አውጡ፣ ፒሲአር ሥሩ

ከተቻለ ሦስት ክፍል፣ ካልሆነ ሦስት ጠረጴዛ ይኑር፦ ውህድ ማዘጋጃ፣ ናሙና መጨመሪያ፣ ፒሲአር ያለፈው የሚከፈትበት። ጋውንና ፒፔት ከሦስተኛው ወደ አንደኛው አይመለስ።

1. በኪቱ መመሪያ ዲኤንኤ አውጡ። ያለ ናሙና አንድ ባዶ ቱቦ አብሮ ይውጣ።
2. መጀመሪያ የባክቴሮይድስን ጠቅላላ መለያ ሥሩ። ብዙ ኢ. ኮላይ ያለበት ውሃ ላይ ይህ አሉታዊ ከሆነ ችግሩ ውሃው አይደለም። ዲኤንኤው አልወጣም፣ ወይም ፒሲአሩ ታፍኗል።
3. ከዚያ የሰውንና የእንስሳቱን መለያዎች ሥሩ። ለኤችኤፍ183 በሪል ታይም ማሽን የተለመደው አሠራር በ95 ዲግሪ 10 ደቂቃ፣ ከዚያ 40 ዙር በ95 ዲግሪ 15 ሰከንድና በ60 ዲግሪ 1 ደቂቃ ነው።
4. እያንዳንዱን ናሙና ሦስት ጊዜ። በየሳህኑ ውሃ ብቻ ያለበት ኮንትሮል፣ የታወቀ አዎንታዊ፣ ከ10 እስከ 100,000 ቅጂ የሚደርስ መለኪያ መሥመር (ስታንዳርድ ከርቭ)።
5. የመሥመሩን ብቃት አስሉ። ከ90 እስከ 110 በመቶ ውጭ ከሆነ ቁጥሩን አትጠቀሙ፤ መሥመሩን አዲስ አቅጥኑና ድገሙ።

ያላችሁ መደበኛ ፒሲአርና ጄል ብቻ ከሆነም ይሠራል። በኤችኤፍ183 እና ባክ708 ፕራይመር 520 ቤዝ ገደማ ላይ መሥመር ታያላችሁ። «አለ» ወይም «የለም» ብቻ ነው የምትሉት፤ መጠን የለም።

### ሲበላሽ

ውሃ ብቻ ያለው ኮንትሮል አዎንታዊ ሆነ፦ የሳህኑን ውጤት በሙሉ ጣሉ። «ትንሽ ነው» ብሎ ማለፍ የለም። ውህዱን በአዲስ ቀይሩ፣ ጠረጴዛውን በበረኪና ጥረጉ፣ ድገሙ።

ሁሉም ናሙና አሉታዊ፣ አዎንታዊው ኮንትሮል ግን ሠራ፦ አፋኝ ነገር ጠርጥሩ። ገረባ የሚጣልበት ቦይና ቅጠል የበሰበሰበት ውሃ ለዚህ የታወቁ ናቸው፤ ከተክል የሚወጡት ውህዶች ፒሲአርን ያንቃሉ። ዲኤንኤውን በ1 ለ10 አቅጥኑና ድገሙ። አሁን ከታየ ታፍኖ ነበር። ጤነኛ ናሙና 10 ጊዜ ሲቀጥን በ3.3 ዙር ገደማ መዘግየት አለበት፤ ካልዘገየ ወይም ከቀደመ ያልቀጠነው ታፍኗል።

ከሦስቱ አንዱ ብቻ አዎንታዊ፦ ከመለካት አቅም በታች ነው። ድገሙት፤ ያው ከሆነ «ምልክት አለ፣ ሊለካ አልቻለም» ብላችሁ ጻፉ።

ሁሉም ነገር የሰው ሆነ፣ በረቱ ፍሳሽ ውስጥ እንኳ፦ ወደ ባዶ ናሙናዎቹ ተመለሱ። የሜዳው፣ የማጣሪያውና የማውጫው፣ በቅደም ተከተል። የትኛው ላይ እንደጀመረ ካያችሁ ብክለቱ የት እንደገባ ታውቃላችሁ።

## ፒሲአር ከሌለ

ርካሽ ረዳት ዘዴ አለ። የዱቄት ሳሙና ልብስን የሚያነጣ ብሩህ ቀለም አለው፤ ይህ ቀለም ጥጥ ላይ ይጣበቃል። ያልነጣ ጥጥ በወንፊት ሽቦ ጠቅልላችሁ ጉድጓዱ ወይም ቦዩ ውስጥ ከ4 እስከ 7 ቀን ስቀሉ። አውጥታችሁ በንጹሕ ውሃ አለቅልቁ፣ ጨለማ ውስጥ አድርቁ። ከዚያ ሱቅ ውስጥ የብር ኖት በሚፈተሽበት ሐምራዊ መብራት እዩት። ሰማያዊ ካበራ የቤት ፍሳሽ ገብቷል። ጥጡን ከመስቀላችሁ በፊትም በመብራቱ እዩት፤ ከፋብሪካ አብርቶ የሚመጣ አለ።

ይህ ዘዴ የሚሠራው የእጥበት ውሃና የሽንት ቤት ፍሳሽ አንድ ቦታ ሲገቡ ነው። ደረቅ ጉድጓድ ሽንት ቤት ሳሙና የለበትም፤ ጥጡ ዝም ቢል ነጻ አይደለም።

አሁንም በመመረቂያ ጽሑፎች ላይ የሚታይ አንድ ዘዴ ግን ተዉት፦ የፊካል ኮሊፎርምና የፊካል ስትሬፕቶኮከስ ጥምርታ። ከ4 በላይ የሰው፣ ከ0.7 በታች የእንስሳ ይል ነበር። ሁለቱ ውሃ ውስጥ በአንድ ፍጥነት አይሞቱም። ስለዚህ ትናንት የገባው ፍሳሽ ዛሬ ሌላ ቁጥር ይሰጣል። መምህራችሁ ቢያዝም በትሕትና ተከራከሩ።

## ደረጃ 8፦ ውጤቱን አንብቡ

ኢ. ኮላይ ብዙ፣ የሰው መለያ አለ፦ የቅርብ ጊዜ የሰው ፍሳሽ ነው። ወደ ደረጃ 2 ካርታ ተመለሱና ከላይ በኩል ያለውን ሽንት ቤት ፈትሹ።

ኢ. ኮላይ ብዙ፣ የሰው የለም፣ የአመስኳኪ አለ፦ ገንዳ፣ በረት ወይም ከዝናብ ጋር የሚታጠብ እበት። የሰው የለም ማለት ግን ከአደጋ ነጻ ማለት አይደለም፤ ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፍ ብዙ በሽታ አለ።

ኢ. ኮላይ ብዙ፣ ሁሉም መለያ አሉታዊ፦ ሦስት ነገር አስቡ። አፋኝ፣ ያልፈተናችሁት እንስሳ፣ ወይም ኢ. ኮላይ ራሱ በሞቃት አፈርና በሮቶ ሥር ባለ ደለል ውስጥ ቆይቶ መራባቱ። ድሬ ሞቃት ናት፤ ሦስተኛውን አትናቁ። ሮቶውን አጥባችሁ ደግማችሁ ቅዱ።

ኢ. ኮላይ ዜሮ፣ የሰው መለያ አለ፦ ክሎሪኑ ባክቴሪያውን ገድሏል፣ ዲኤንኤው ግን ቀርቷል። ውሃው በዚያ ሰዓት ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ ክሎሪን ባለቀ ቀን ግን የሚጠጣው ፍሳሽ ነው። መሥመሩ ውስጥ ፍሳሽ የሚገባበት ቦታ ፈልጉ። ውሃ በፈረቃ የሚለቀቅበት ሰፈር ከሆነ ግፊቱ በጠፋባቸው ሰዓታት የተሰነጠቀ ቧንቧ በዙሪያው ያለውን ወደ ውስጥ ይስባል።

«70 በመቶው የሰው ነው፣ 30 በመቶው የከብት» የሚል ዓረፍተ ነገር ከሪፖርታችሁ ሰርዙ። የአንዱ መለያ ቅጂ ብዛት ከሌላው ጋር አይደመርም፤ በየእንስሳው አንጀት ያለው መጠንም ውሃ ውስጥ የሚጠፋበት ፍጥነትም ይለያያል። ማለት የምትችሉት «አለ»፣ «የለም»፣ «ከዝናብ በኋላ ጨመረ»፣ «ከላይ የለም፣ ከታች አለ» ነው። እርምጃ ለመውሰድ ይህ በቂ ነው።

## ደረጃ 9፦ ለሰዎቹ ንገሩ፣ ተመለሱ

ውጤቱን መጀመሪያ የጉድጓዱ ተጠቃሚዎች ይስሙ፤ ከዚያ ጽሕፈት ቤቱ። የአንድን ቤተሰብ ሽንት ቤት በስብሰባ ላይ በስም አትጥሩ። ፒሲአር «የሰው» ይላል እንጂ «የእገሌ» አይልም። የእገሌ መሆኑን የሚያሳየው ቁፋሮ ወይም ቀለም ነው፦ በጤና ባለሙያ ፈቃድ ሽንት ቤቱ ውስጥ ለዚህ የተሠራ ቀለም ይጨመራል፣ ጉድጓዱ ላይ ይወጣ እንደሆነ ይጠበቃል።

ጥገናው ካለቀ በኋላ ጉድጓዱን በክሎሪን አጥባችሁ ክሎሪኑ እስኪጠፋ አውጡት። ወዲያው አትቅዱ፤ አሮጌው ዲኤንኤ ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል። አንድ ወር ያህል ጠብቃችሁ በተመሳሳይ ነጥቦች፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ በተመሳሳይ መጠን ቅዱ። ከዚያ ደግሞ ከመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ማግስት አንድ ጊዜ ድገሙ።